ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ደረትን ማሰር ፍርምባን ለመጠገን ይረዳል ወይ?

አዲስ አበባ ላይ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም የተመለሰ ሰው፣ ጠያቂ ዘመድ ቤቱን ሲሞላው ደጋግሞ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ደረትህን ጠበቅ አድርገህ እሰረው፤ አጥንቱ እንዳይላቀቅ» የሚለው ነው። አንዱ መቀነት ያቀርባል፤ ሌላው ነጠላ አጥፎ ይጠመጥማል፤ አቅም ያለው ከመድኃኒት ቤት ላስቲክ ፋሻ ይገዛል፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሰደርያ ያስልካል። ምክሩ ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ሆኖም እነዚህ አራት ነገሮች እኩል አይደሉም፣ በጥናት የተፈተኑትም ሁሉም አይደሉም። የእኔ አቋም የሚከተለው ነው፤ በትክክል የተሠራና ሳይቋረጥ የሚለበስ የደረት ድጋፍ አጥንታቸው የመላቀቅ አደጋው ከፍ ያለባቸውን ሕሙማን በመጠኑ ይረዳል፤ በመቀነት ወይም በፋሻ አጥብቆ ማሰር ግን ይህን ጥቅም እንደሚሰጥ የሚያሳይ ማስረጃ የለውም፣ እንዲያውም ትንፋሽን በማፈን ሊጎዳ ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት ከአጥንቱ መጀመር ያስፈልጋል። አብዛኛው የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረገው ከጉሮሮ ሥር እስከ ፍርምባው ጫፍ ቆዳውን ቀዶ፣ ፍርምባውን ከላይ እስከ ታች መሐል ለመሐል በመጋዝ ከፍሎ ነው። ይህ አከፋፈት በጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን፣ ለልብ ሕክምና ዋና መንገድ ሆኖ የተስፋፋው ግን ከ1957 ወዲህ ነው። ሥራው ሲያበቃ ሐኪሞቹ ሁለቱን ግማሾች አገናኝተው በማይዝግ ብረት ሽቦ ያስሯቸዋል፤ ለአንድ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 የሚደርሱ ሽቦዎች ይገባሉ። የላይኛው ቆዳ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይገጥማል። ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን የሚያዘናጋውም ይህ ነው፤ ጠባሳው ደርቆ ሲያዩት አጥንቱም የዳነ ይመስላቸዋል። አጥንቱ ግን እርስ በርሱ ለመያያዝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ አንድ አጥንት ለመሆን ደግሞ ብዙ ወራት ይወስዳል። ከ3 ወር በኋላ በሲቲ ስካን የታዩ ፍርምባዎች ብዙዎቹ ገና ክፍተት ነበራቸው፤ ክፍተቱ የታየባቸው ሰዎች ግን ሥራቸውን ጀምረው፣ ሕመምም ሳይሰማቸው ሊሆን ይችላል።

የተሰበረ እግር ሲሆን ወጌሻ በቀርከሃ ስንጥቅ ደግፎ ያስረዋል፤ ሐኪም ደግሞ በጀሶ ያሽገዋል፤ እግሩም ሳይንቀሳቀስ ይሰነብታል። «ደረትህን እሰር» የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ልምድ ይመስለኛል። ደረትን ግን ማንም ሊያሽገው አይችልም። አንድ ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ቢተነፍስ በቀን 21,600 ጊዜ ጎድኑ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽም የፍርምባው ሁለት ግማሾች በጥቂቱ ይሳባሉ። ትንፋሹ እንኳን ቀላል ነው፤ ከባዱ ሳል ነው። በደረት አጥንት ላይ የሚያርፈውን ጉልበት የለኩ ባለሙያዎች አንድ ብርቱ ሳል ወደ 27 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኃይል እንደሚያሳርፍ ገምተዋል፤ ይህም አንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ዕቃ ሲያነሣ ከሚፈጠረው በእጅጉ ይበልጣል። ሽቦው ሁልጊዜ በዚህ መካከል ነው። የፍርምባ ውስጥ ለስላሳ፣ ላይኛው ሽፋኑም ስስ ስለሆነ፣ ደጋግሞ የሚወጠር ሽቦ ራሱ ሳይበጠስ አጥንቱን እየቆረጠ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ግማሾቹ ይላላሉ፣ እንቅስቃሴው ይበዛል፤ በመሐላቸው ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ተሕዋስያን ከገቡበትም እስከ ልብ ዙሪያ የሚደርስ ቁስል ያመረቅዛል።

እንዲህ ያለ ጥልቅ ቁስለት የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ በአብዛኛዎቹ ሪፖርቶች ከ100 ቀዶ ሕክምና በ1 እስከ 3 ሰዎች ላይ ይታያል። የደረሰበት ሰው ግን ለሳምንታት ተኝቶ ይታከማል፣ ደረቱ እንደገና ሊከፈት ይችላል፣ የመሞት ዕድሉም በብዙ እጥፍ ይጨምራል። አደጋውን ከፍ የሚያደርጉት ነገሮች በደንብ ይታወቃሉ፤ የስኳር በሽታ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ የቆየ የሳንባ ሕመምና ሳል፣ የአጥንት መሳሳት፣ የተደገመ ቀዶ ሕክምና፣ እንዲሁም ፍርምባውን የሚመግቡት ሁለቱ የደረት ደም ስሮች በጠበበ የልብ ደም ስር ምትክ ደም ወደ ልብ ለማሳለፍ መወሰዳቸው ናቸው። በተለይ የመጨረሻው ግልጽ ነው፤ ደም የማይደርሰው አጥንት በምንም ሽቦ ቢታሰር ቶሎ አይጠግንም።

ወደ ድጋፎቹ ስንመጣ፣ በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች በአሠራራቸው በጣም ይለያያሉ። ላስቲክ ፋሻ ደረትን ዙሪያውን እኩል ይጫናል፤ ከፊት ያለውን ያህል ከጎንና ከጀርባም ያፍናል። ኮርሴት የሚባለው ጠንከር ካለ ጨርቅ የተሠራ ሲሆን ደረትን በሰፊው ይይዛል፣ ሰውየው ሲያስል ግን የደረቱን መለጠጥ እንዲገታ ታስቦ የተሰፋ ነው። ሰደርያው ደግሞ ከፊትና ከኋላ ደንደን ያሉ መደገፊያዎች አሉት፤ በትከሻና በጎን ማሰሪያዎች ይያያዛል፤ ዓላማውም ዙሪያውን ማጥበቅ ሳይሆን ፍርምባው ወደ ጎን እንዳይሳብ ከፊትና ከኋላ መደገፍ ነው። ስለዚህ በአንዱ ላይ የተገኘ ውጤት ለሌላው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በጠያቂ ዘመድ ዘንድም፣ አልፎ አልፎም በጤና ተቋም ውስጥ፣ ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ይታያል።

ከተደረጉት ጥናቶች ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ነው። አውሮፓ ውስጥ በበርካታ ሆስፒታሎች ከ2,500 በላይ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ፖስትሆራክስ የተባለውን ሰደርያ ቢያንስ ለ6 ሳምንት እንዲለብስ ተደረገ፤ ሌላው ያለ ሰደርያ ተከታተለ። የአጥንት መላቀቅና ጥልቅ ቁስለት ሰደርያ በተሰጣቸው ላይ ወደ 1 በመቶ ሲሆን፣ ባልተሰጣቸው ላይ ከ2 በመቶ በጥቂቱ አልፏል። «በግማሽ ቀነሰ» ተብሎ ቢነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌላውም አነጋገር እውነት ነው፤ አንድ ሰው ከዚህ ጉዳት እንዲተርፍ ወደ 80 የሚጠጉ ሰዎች ሰደርያ መልበስ ነበረባቸው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ሲሆን፣ 750 ወንዶችን በዕጣ ከፍሎ ስተርን ኢ ፊክስ የተባለውን ኮርሴት ከላስቲክ ፋሻ ጋር አወዳድሯል፤ ኮርሴቱ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ለእኛ ትልቅ ትርጉም ያለው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ «ድጋፍ» ተብሎ በብዛት የሚታሰረው ላስቲክ ፋሻ በዚያ ውድድር የተሸነፈው ወገን ነበር።

ውጤቶቹ ተስፋ ቢሰጡም እንዳለ ልንቀበላቸው አይገባም። መድኃኒት ሲፈተን ሕመምተኛውም ሐኪሙም የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ሳያውቁ ሊሰጥ ይችላል፤ ሰደርያ ግን የለበሰውም ያየውም ያውቀዋል። ሰደርያ የለበሰ ሰው ቁስሉን በጥንቃቄ ሊይዝ፣ ሐኪሙም ቁስሉን ሲመዝን ሳያስበው ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብል ይችላል። ከዚህም በላይ ሰደርያ ከተሰጣቸው መካከል ብዙዎች ከበዳቸው፣ ሞቃቸው፣ ወይም እንቅልፍ ነሳቸውና አወለቁት። የታዘዘውን ሳያቋርጥ የሚለብስ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚውጥ፣ ስኳሩን የሚቆጣጠር፣ ሲጋራም የተወ ሊሆን ስለሚችል፣ የለበሱትን ብቻ ለይቶ ካልለበሱት ጋር ማወዳደር ጥቅሙን ያጋንነዋል። ትክክለኛው ንጽጽር በዕጣ ከተመደቡት ሁሉ፣ ለባሽም ሆነ አውላቂ፣ የሚወጣው ነው።

ከዚህም የሚበልጠው ጥያቄ እነዚያ ጥናቶች የተደረጉት በእነማን ላይ ነው የሚለው ነው። በአውሮፓ ፍርምባቸው የሚከፈተው ባመዛኙ በዕድሜ የገፉ፣ ብዙዎቹም ወፍራሞች፣ ስኳር ያለባቸውና የልብ ደም ስራቸው የጠበበ ሰዎች ናቸው። ከጎጃም ለልብ ቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቀው ግን ሌላ ሰው ነው። በአገራችን የወጣቶችን ልብ በዋናነት የሚያበላሸው ሳይታከም በቆየ የቶንሲል ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ በልጅነት ጀምሮ የልብን በሮች እያጨማደደ ያጠባቸዋል ወይም እንዳይገጥሙ ያደርጋቸዋል። በተፈጥሮ የልብ ክፍተት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትም አሉ። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ መርጃ ድርጅት በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉን እ.ኤ.አ. በ2009 እስኪከፍት ድረስ አብዛኛው ሕመምተኛ ውጭ አገር ካልተላከ በቀር ተስፋ አልነበረውም። ዛሬም ተራው ረጅም ነው፤ ተራው የሚደርሰውም ብዙውን ጊዜ የ15፣ የ20 ወይም የ30 ዓመት ሰው፣ ሰውነቱ የከሳ፣ አጥንቱ ግን የወጣት አጥንት የሆነ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የአጥንት መላቀቅ አደጋ ከመነሻው ዝቅ ይላል፤ አደጋው ዝቅ ሲል ደግሞ ሰደርያው የሚያተርፈው ሰው ቁጥር ያንሳል፤ አንድ ሰው ለማትረፍ ሰደርያ መልበስ ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ከ80 ወደ 200 ወይም 300 ሊያድግ ይችላል ማለት ነው። ለሕፃናት ደግሞ ከእነዚያ ጥናቶች ማስረጃ መጥቀስ አይቻልም፤ የተጠኑት አዋቂዎች ናቸው።

በሌላ በኩል በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ የሌሉ የራሳችን አደጋዎች አሉ። በጭስ የተሞላ ማድ ቤት ውስጥ ምጣድ ላይ የምታጎነብስ ሴት ቀን ከሌት ታስላለች፤ አንድ ሳል ፍርምባ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚያሳርፍ ቀደም ብለን አይተናል። የኅዳር አጨዳ የደረሰበት ገበሬ ከሁለት ወር በኋላ ማጭዱን ካልያዘ ሰብሉ ይረግፍበታል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው የዓባይ በረሃ መንገድ ደግሞ አዲስ የተሰፋ ደረትን ያናውጣል። ለዚህ ጉዞ የመኪናውን ቀበቶ ሳይፈቱ በቀበቶውና በደረት መካከል ትንሽ ትራስ ማድረግ፣ ደጋግሞ ቆሞ ማረፍ፣ ቢቻልም ሐኪሙ ካየ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት መሰንበት ከማንኛውም ፋሻ ይሻላል።

አጥብቆ ማሰር የሚያስከትለው ጉዳት ሳልን ካስታወስን ግልጽ ይሆናል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የሳንባ የታችኛው ክፍል በከፊል ይጨማደዳል። ሕመምተኛው ሕመሙን ፈርቶ ጥልቅ ትንፋሽ አይወስድም፤ አክታውም ይጠራቀማል። ነርሶች «ተንፍስ፣ አስል» እያሉ የሚነዘንዙት የሳንባ ምች እንዳይይዘው ነው። ጎድኑን ዙሪያውን በመቀነት የጠፈረ ሰው ይህን ሁሉ ሥራ ያበላሸዋል፤ ደረቱ በበቂ አይሰፋም፣ ሳሉም ደካማ ይሆናል፣ ያልወጣው አክታ ደግሞ የበለጠ ሳል ያመጣል። ፋሻው ላብ ይዞ ቁስሉን ያረጥባል፤ ከሥሩ የሚወጣውን ፈሳሽም ይደብቃል። ከፋሻ ሥር መግል ተጠራቅሞ ሳይታይ ቀናት ሲያልፉ ማየት ለማንም ሐኪም የሚያሳዝን ነገር ነው።

ደረት ድጋፍ የሚፈልግባት ቅጽበት ግን አለች፤ እርሷም በሳል፣ በማስነጠስና ከመኝታ በመነሣት ጊዜ ነው። ለዚህ ትንሽ ትራስ ወይም አራት ጊዜ የታጠፈ ጋቢ ይበቃል። ሳሉ ሲመጣ ጋቢውን በሁለት እጅ ፍርምባው ላይ አቅፎ ጫን ማድረግ፣ ካሳሉ በኋላ መልቀቅ፤ ይኸው ነው። ድጋፉ በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ይመጣል፤ በቀሩት ሰዓታት ትንፋሽ ነጻ ይሆናል፤ ዋጋም አያስወጣም። ከመደብ ወይም ከዝቅተኛ አልጋ መነሣትም ጥበብ ይፈልጋል። በክርን ወይም በመዳፍ ተደግፎ ቀጥ ብሎ መነሣት ፍርምባን ይስባል፤ ወደ ጎን ተገላብጦ እግሮቹን ወደ ምድር አውርዶ፣ ጋቢውን አቅፎ መነሣት ግን ጭነቱን ወደ ጭንና ወደ እግር ያዛውረዋል።

ስለ እንቅስቃሴ ያለው አስተሳሰብም ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። ቀድሞ ሕሙማን እጃቸውን ከትከሻቸው በላይ እንዳያነሡ፣ ከሁለት እስከ አምስት ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገርም እንዳይነኩ ለ8 ወይም ለ12 ሳምንት ይከለከሉ ነበር። ዛሬ ግን ክንድን ወደ ጎድን አስጠግቶ መሥራት፣ ሁለቱን እጅ እኩል መጠቀም፣ ሕመም ሲሰማም ማቆም የሚለው ምክር እየተስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት በ72 ሕሙማን ላይ ሁለቱን ምክሮች አወዳድሮ በሕመምና በሰውነት ብቃት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ትንሽ ጥናት ስለሆነ ማሳውን ለማረስ ፈቃድ አይሰጥም፤ ነገር ግን ሰውየውን እንደ ሸክላ ዕቃ አስቀምጦ ማክረም አስፈላጊ እንዳልሆነ ያመለክታል። በእኛ አኗኗር ግን በውጭ አገር መመሪያ ውስጥ የማይገኙ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ስግደት መዳፍን መሬት ላይ ተክሎ የሰውነትን ክብደት በክንድ መሸከም ነው፤ ለሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ሐኪም ፈቅዶ እንጂ በፊት አይገባም፤ የንስሐ አባት ለሕመምተኛ ማቅለላቸው የተለመደ ነው። በጥር ሠርግ ላይ እስክስታ ፍርምባን ከሁለቱም ወገን ይጎትታል። ትከሻ ለትከሻ የመጋጨት ሰላምታም በፈገግታና በእጅ ይተካ። ሃያ ሊትር ጄሪካን ውኃ በጀርባ መሸከም፣ ልጅ በአንቀልባ ማዘል፣ ሊጥ ማቡካትና ድጅኖ መጨበጥ ቢያንስ ለሦስት ወር ለሌላ ሰው መተው አለባቸው።

ጡታቸው ከበድ ያለ ሴቶች በዚህ ርእስ ውስጥ ለብቻቸው ሊታዩ ይገባል። የጡት ክብደት የቁስሉን የታችኛውን ጫፍ ወደ ሁለት ጎን ይስበዋል፤ ስለዚህ ከፊት የሚቆለፍ፣ ሽቦ የሌለው፣ የማያጠብቅ ጡት መያዣ ቀን ከሌት መልበስ ሕመምን ያቃልላል፣ ቁስሉንም ከመወጠር ያድናል። ጡት መያዣ ያልለመደች የገጠር ሴት ከሆነች ከለስላሳ ጥጥ የተሰፋ፣ ከሥር ደግፎ ወደ መሐል የሚሰበስብ ጨርቅ ይተካዋል። ይህ ደረትን ከመጥፈር ፍጹም የተለየ ነገር ነው፤ ጡትን ይሸከማል እንጂ ጎድንን አያፍንም።

ቁስሉን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት፤ ቅቤ፣ ማር፣ ቅጠል ወይም እምነት በላዩ ላይ አይደረግበት። ጸበል መጠመቅ የሚሻ ሰው ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ቢታገሥ ወይም ደረቱን ሳያስነካ ቢረጭ እምነቱን አይቀንስበትም። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን ካልተቆጣጠረ ግን ሰደርያው ወርቅ ቢሆን አይረዳውም።

እንግዲህ ሰደርያው ለማን ይሁን? ስኳርና ውፍረት ለተደረቡበት፣ ለሚያጨስ ወይም የቆየ ሳል ላለበት፣ አጥንቱ ለሳሳ አረጋዊ፣ ሁለቱም የደረት ደም ስሮች ለተወሰዱበት ሰው ቢገኝ እደግፈዋለሁ፤ በልኩ የተመረጠ፣ ሌሊትም የማይወልቅ ከሆነ። ለወጣቱ የልብ በር ሕመምተኛ ግን፣ ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ሰደርያ ከሚያስመጣ ያንኑ ገንዘብ ለክትትል መመላለሻ፣ በተለይም ሰው ሠራሽ የልብ በር ከገባለት ደም እንዳይረጋ ለሚወስደው ለዋርፋሪን መድኃኒቱና ለደም ምርመራው ቢያውለው እመርጣለሁ። ለወደፊቱ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋምና የጥበበ ግዮን ሆስፒታል በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር መሆናቸው ትልቅ ዕድል ነው። ለእኛ አየርና ለእኛ ሰውነት የሚስማማ የጥጥ ሰደርያ ሠርቶ፣ ከታጠፈ ጋቢ ጋር በዕጣ አወዳድሮ መፈተን ከአቅማቸው በላይ አይደለም፤ ሳይፈተን መሸጥ ግን አይገባም።

ይህ እስኪሆን ድረስ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው የሚችለው ምርመራ አለ። መዳፉን በጠባሳው ላይ በቀስታ አሳርፎ ሕመምተኛውን ማሳል ነው። የተያያዘ ፍርምባ ከእጅ ሥር እንደ አንድ ይነሣል፤ የላላ ግን ቀጭ ይላል ወይም ሁለቱ ጠርዞች ሲፋተጉ በጣት ይታወቃል። ይህ ከተሰማ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሚብስ ሕመም፣ የቁስል መቅላት ወይም ፈሳሽ ከታየ፣ ሰውየው አጥብቆ እንዲያስር መክሮ ወደ ቤቱ መመለስ ተገቢ አይደለም። በዚያው ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይላክ፤ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ቡድንም በስልክ ይነገረው።